ግንብ መቁጠሩን ትታችሁ ግንብ ውስጥ እደሩ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጀርመን ግንቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ጸሐፊው ግን ልጅና አማት አስከትሎ፣ ሻንጣ እየጎተተ እነዚያን ደረጃዎች የወጣ አይመስለኝም። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ይህን ሁሉ ግንብ እዩ ብሎ ባልመከረ። እኛ ነሐሴ ላይ ሄደን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጄ እና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ። ኮሎኝ የምትኖረው እህቴ ደግሞ ሾፌርም አስተርጓሚም ሆና አብራን ዞራለች። ስለዚህ የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ አንድ እርማት። ኖይሽቫንሽታይንን የመካከለኛው ዘመን ግንብ ነው ብላችሁታል። አይደለም። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው በ1869 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያሠራው የባቫርያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ ነው። ከውጭ ሲታይ የድሮ ባላባት የሚወጣበት ይመስላል እንጂ፣ ውስጡ ማሞቂያ ነበረው፣ የኤሌክትሪክ ደወል ነበረው፣ ስልክ ሳይቀር ነበረው። ንጉሡ በ1886 ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም። ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ ለጎብኚ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሰው እየጎረፈ ነው። በ2025 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እኛም ሄድን። ሴት ልጄ «እሱን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ» ስላለች። ያምራል፣ አልክድም። ግን ትኬቱ ላይ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው፤ ልመና አይሠራም። ከመንደሩ እስከ በሩ ያለው ዳገት ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ለልጅ ከዚያም በላይ። ውስጥ የምትቆዩት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከፊታችሁ አንድ ቡድን፣ ከኋላችሁ ሌላ ቡድን፣ መሐል ላይ እናንተ። ልጄን ምን ታስታውሳለህ ብለው ዛሬም የሚነግረኝ ዳገቱን ነው።

ከዚያ በፊት አንድ የጉዞ ወኪል ፕሮግራም አዘጋጅቶልን ነበር። ወረቀቱን እህቴ በስልክ ስታነበው ሳቀች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ አውቶቡስ፣ ግንብ፣ አውቶቡስ፣ ግንብ፣ የ40 ደቂቃ ምሳ፣ እንደገና አውቶቡስ። «ይኼ እኮ ሽርሽር ሳይሆን ግዳጅ ነው» አለችኝ። የናንተም ጽሑፍ መንፈሱ ያው ነው። የኔ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከልጅና ከአረጋዊ ጋር ከሆናችሁ ግንብ ጥቂት እዩ፣ ግን ቢያንስ አንዱ ውስጥ እደሩ። ይህ ደግሞ የሀብታም ነገር አይደለም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የራይን ወንዝ ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ድረስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። በዚህች ርቀት ላይ 40 የሚደርሱ ግንቦችና ምሽጎች አሉ። ዩኔስኮ ሸለቆውን የመዘገበው በ2002 ነው። ለምን ይህ ሁሉ ግንብ እዚህ ተከማቸ? መልሱ ገንዘብ ነው። ወንዙ የነጋዴ መንገድ ነበር። ዳር ዳሩን የያዙት መሳፍንትና ሊቀ ጳጳሳት እያንዳንዳቸው ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ኬላ ነው በይኛ!» አለ። በትክክል ኬላ ነው። ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ስለ ባላባትና ስለ ልዕልት ማውራት ቀረ። እያንዳንዱ ግንብ ጋ ስንደርስ ጥያቄያቸው «ይኼ የማን ኬላ ነው?» ሆነ።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ካውብ የምትባል ከተማ ፊት ለፊት ነው። ወንዙ መሐል ላይ ነጭ ግንብ ቆሟል፤ ፕፋልዝግራፈንሽታይን ይባላል። በ1327 ገደማ የባቫርያው ሉድቪግ፣ ከላይ ካነሳሁት በ500 ዓመት የሚቀድመው፣ ያሠራው ነው። ቅርጹ እንደ መርከብ ሾጠጥ ያለ ነው። ወንዙ ላይ ሰንሰለት ተዘርግቶ ነጋዴው እንዲቆም ይደረግ ነበር። ከፍለህ እለፍ ነው። ቀረጡ የቀረው በ1860ዎቹ፣ ፕሩሺያ የምትባለው የያኔዋ የጀርመን መንግሥት ካውብን ስትይዝ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ሲከፈል ኖሯል ማለት ነው። በትንሽ ጀልባ ነው የሚኬደው። ወንዙ ከሞላ ጀልባው አይሠራም። ውስጡ ባዶ ነው፤ የቤት ዕቃ የለም፣ ወርቅ የለም። ልጄ ግን ከኖይሽቫንሽታይን ይልቅ ይህን ወደደው። በጠባቧ መስኮት አጮልቆ የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ «ቁም! ክፈል!» እያለ አስቸገረን።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ። ባካራክ የምትባል በእንጨት የተዋቀሩ ያረጁ ቤቶች ያሏት ትንሽ ከተማ አለች። ከበላይዋ ሽታሌክ የሚባል ግንብ ተቀምጧል። ይህ ግንብ ዛሬ የወጣቶች ሆስቴል፣ ማለትም ቀለል ያለ ርካሽ ማደሪያ፣ ነው። ስሙ የወጣቶች ይሁን እንጂ ቤተሰብም አረጋዊም ያድራል። የሚያስፈልገው የሆስቴሎቹ ማኅበር የአባልነት ካርድ ነው፤ ለቤተሰብ አንድ ካርድ ይበቃል። ሆስቴል የሚባለው ነገር ራሱ የተጀመረው እዚያው ጀርመን ውስጥ ነው። ሪካርድ ሺርማን የሚባል አስተማሪ በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሆስቴልም የተከፈተው አልቴና በምትባል ከተማ ግንብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሆስቴልና ግንብ ከጥንስሱ አብረው ነው የመጡት።

ክፍላችን ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ነው ያለው። አማቴ አይተው «በዚህ ዕድሜዬ ቆጥ ላይ ልውጣ?» አሉ። የታችኛው ተሰጣቸው። ላዩን ልጆቹ ሊጣሉበት ደረሱ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የብርድ ልብስ ሽፋን ይሰጣችኋል፤ አልጋውን የምታነጥፉት ግን ራሳችሁ ናችሁ። ስትወጡም ገፍፋችሁ ታስረክባላችሁ። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ሽፋኑ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል ራሱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሴት ልጄ ከማውጣት ይልቅ ቪዲዮ መቅረጽ መረጠች። ከበላችሁ በኋላ ሳህናችሁን ራሳችሁ ትመልሳላችሁ። አስተናጋጅ የለም፣ ጉርሻ የለም። ጮክ የሚሉ የትምህርት ቤት ልጆች ግን አሉ። ግቢው ውስጥ ልጄ ከነሱ ጋር ፒንግ ፖንግ ገጠመ። አንድም የጀርመን ቃል አያውቅም፤ ቢሆንም ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል።

ጠዋት ስንነሳ አማቴ ቀድመውን መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ከታች ረጃጅም የጭነት መርከቦች ያልፋሉ። ከኋላቸው የመርከበኛው ቤት አለ፤ መጋረጃ ያለው፣ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት። ጣሪያው ላይ የግል መኪናው ቆሟል። ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። «እነዚህ እኮ ቤታቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት» አሉ አማቴ። ለሳቸው ከጀርመን ሁሉ ያችን መስኮት የሚስተካከል አልተገኘም። አሥር ግንብ በምታዞረው አውቶቡስ ውስጥ ይህን አያዩትም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሽታሌክ ሁሉ ነገሩ ጥንታዊ አይደለም። በ1689 የፈረንሳዩ የሉዊ 14ኛ ወታደሮች አፈንድተውታል። አሁን የምናየው በአብዛኛው ከ1920ዎቹ ጀምሮ እንደገና የተሠራ ነው። በሸለቆው ከመርከብ ላይ ሆናችሁ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ግንቦችም እንዲሁ ናቸው። ፈርሰው ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሩሺያ ልዑላንና ሀብታሞች እየያዙ እንደ አዲስ አስነሷቸው። ይህን ለልጅ መንገር ይገባል። ደስታቸውን ይቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ወንዱ ልጄ «ታዲያ እኛም አንድ እንሥራ» ነው ያለው።

ሴት ልጄን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ከከተማው ወደ ግንቡ ስትወጡ መንገድ ላይ ጣሪያ የሌለው ቤተ ጸሎት ታገኛላችሁ፤ ቬርነር ይባላል። ቀይ ድንጋይ፣ ረጃጅም ባዶ መስኮቶች። የናንተ ጽሑፍ «ፎቶ ለመነሳት ተስማሚ ፍርስራሽ» ብሎ አልፎታል። ታሪኩ ግን ከባድ ነው። በ1287 ቬርነር የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ሞቶ ተገኘ። አይሁዶች ገደሉት ተባለ። ሐሰት ነበር፤ በዚያ ወሬ ግን በራይን ዳር ብዙ አይሁዶች ተጨፈጨፉ። ልጁ እንደ ቅዱስ ተቆጥሮ ቤተ ጸሎቱ ተሠራለት። የትሪር ሀገረ ስብከት ስሙን ከቅዱሳን ዝርዝር ያወጣው በ1963 ነው። ቤተ ጸሎቱን ያፈረሰው ደግሞ በ1689 ከላይ ግንቡ ሲፈነዳ የወረደው ድንጋይ ነው። ያደርንበት ግንብም ቢሆን ንጹሕ ታሪክ የለውም። በ1942 ሉክሰምበርግ ውስጥ በናዚዎች ላይ አድማ ሲነሳ፣ ከተሳተፉት ተማሪዎች ተይዘው «እንዲታረሙ» የተላኩበት ቦታ ሽታሌክ ነው። ልጄ «በኔ ዕድሜ?» ብላ ጠየቀች። ትንሽ ይበልጧታል አልኳት። የዚያን ቀን ማታ ስልኳን አላነሳችም። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጽፉ ፎቶ ተነሱ ብቻ ማለት ከጋዜጣ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ማደሪያችን ኮብሌንዝ ላይ ነው። ኤረንብራይትሽታይን ይባላል። ፕሩሺያዎች ከ1817 እስከ 1828 የሠሩት ግዙፍ ምሽግ ነው፤ ራይንና ሞዝል ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ ቁልቁል ያያል። እዚያም ውስጥ ሆስቴል አለ። ለጉልበት በሽተኛ የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቱም ከወንዙ ማዶ በኬብል ካር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ሳጥን፣ ነው የሚወጣው። ኬብል ካሩ ለ2011 የአበባ ትርኢት ተብሎ የተዘረጋ ነው፤ ከትርኢቱ በኋላ ይነሳል ተብሎ ነበር፣ ሕዝቡ ስለወደደው ቀረ። ከሳጥኖቹ አንዷ ወለሏ መስታወት ነው። ልጄ እሷ እስክትመጣ ካልጠበቅን ብሎ ድርቅ አለ። ጠበቅን። መጣች። ሲገባ እግሩን ሰብስቦ ወንበሩ ላይ ወጣና ዓይኑን ጨፈነ። አማቴ ግን ወለሉ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከእግራቸው ሥር የሚያልፈውን መርከብ እያዩ «ያውልህ፣ አስከፍለው!» አሉት።

ምሽግ ስለሆነ ቆንጆ አይደለም። ወፍራም ግድግዳ፣ ሰፊ ሜዳ ነው። ልጅ ግን ሜዳ ነው የሚፈልገው። ቀኑን ሙሉ «አትንካ፣ አትሩጥ» ሲባል የዋለ ልጅ ማታ የሚሮጥበት ቦታ ካገኘ ሌላ ምን አለ።

ልዩ ማደሪያ ከተባለ ሩደስሃይም ውስጥ ትልልቅ የወይን ጠጅ በርሜሎችን አጋድሞ፣ አልጋ አስገብቶ የሚያከራይ ሆቴልም አለ። ልጆቹ ለምነው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። አንዱ በርሜል ለሁለት ሰው ነው፤ እኛን አምስታችንን ለሦስት መክፈል ሊሆን ነው። ለሙሽሮች ይመቻል። ልጅ ላለው ሰው ለማውራት ነው እንጂ ለማደር አይደለም።

እዩ ከምላቸው ውስጥ ደግሞ ማርክስበርግ አለ፤ ብራውባክ ከተማ በላይ። በዚያ ሸለቆ ካሉት ኮረብታ ላይ ግንቦች ፈርሶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው ይባላል። የጀርመን ግንቦች ማኅበር መቀመጫም ነው። የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ነው። በሩን እንዳለፋችሁ መንገዱ ከዓለቱ የተፈለፈለ ሰፋፊ ደረጃ ነው፤ ፈረስ እንዲወጣው የተሠራ። ወጣ ገባ ነው፣ ያንሸራትታል፣ መደገፊያው እንደልብ አይደለም። አማቴ አንዴ አዩትና ግቢው ካለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ የመጣሁት የልጅ ልጆቼን ላይ ነው፣ የፈረንጅ ደረጃ ልቆጥር አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው። ጽሑፋችሁ ግን ማርክስበርግን «ለሁሉም ዕድሜ ተስማሚ» ይለዋል። ለማን?

ውስጡ ለልጅ ጥሩ ነው። ትልቁ ወጥ ቤት፣ የጦር ልብሱ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የተሠራው ሽንት ቤት። ልጄ ቀዳዳውን አይቶ «ከሥር ሰው ቢያልፍስ?» ብሎ በአክስቱ በኩል አስጎብኚዋን ጠየቀ። ሴትዮዋ «ቶሎ ነበር የሚያልፈው» አለችው። የማሰቃያ ዕቃዎቹ የተደረደሩበትን ክፍል ግን ትንንሽ ልጅ ካላችሁ እለፉት። ማታ ሲያቃዥ የምትነሱት እናንተ ናችሁ።

የባቡሩን ነገር ጽሑፋችሁ ጭራሽ አላነሳም። በሸለቆው በሁለቱም ዳር የባቡር ሐዲድ አለ። ሌሊቱን የጭነት ባቡር ያልፋል። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባል። የአካባቢው ሰው ለዓመታት ሲያማርር የኖረበት ጉዳይ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ሆቴል ፎቶው ላይ ሰላም ይመስላል፤ ሌሊት ግን ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፣ ወይም ከፍ ያለ ቦታ እደሩ። ሌላው ነገር ድልድይ ነው። ከኮብሌንዝ ወደ ላይ እስከ ማይንዝ አካባቢ ድረስ ድልድይ የለም። ማዶ ያለውን ግንብ በዓይናችሁ እያያችሁት ለመሻገር መኪና የምትጭን ጀልባ ትጠብቃላችሁ። በቀን ብዙ ግንብ እናያለን ያለ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እሁድ ደግሞ ሱቅ ዝግ ነው፤ ውኃና ብስኩት ቅዳሜ ግዙ።

መኪና የሚነዳ ዘመድ ለሌለው ሰው የክፍለ ሀገሩ የቀን ትኬት አለ፤ የራይንላንድ ፕፋልዝ ትኬት። እስከ አምስት ሰው በአንድ ትኬት ይሄዳል። በሥራ ቀን የሚሠራው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ እነሱ 9 በሚሉት፣ ነው። ፈጣኑ ባቡር ላይም አያስወጣም።

የቪዛውንም ወጪ አብራችሁ ብትጽፉት ጥሩ ነበር። የሸንገን ማመልከቻ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የምታድሩበትንም ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቶሎ ጀምሩ። ግንብ ውስጥ ያሉት ሆስቴሎች በትምህርት ቤት ቡድኖችና በጀርመን ቤተሰቦች ቀድመው ይያዛሉ። የቤተሰብ ክፍል ሲያዝ ደግሞ የታችኛው አልጋ ለማን እንደሚያስፈልግ እዚያው ቦታ ማስያዣው ላይ ጻፉ። እህቴ ጽፋው ስለነበር ነው አማቴን ሲያዩ ያልተደናገጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ የዘወትር አንባቢያችሁ